ወንድሞች ይውጡ

ነገር ከሥሩ ነውና ከመጸዳጃ ቤቱ በር ልጀምር። የዛሬ ሁለት ዓመት አውሎ ነፋስ ደሴታችንን ኤዋን ሲመታ ከትምህርት ቤታችን ሁለት ነገር ወሰደ፤ የግቢውን መግቢያ ቅስትና የሴቶቹን መጸዳጃ በር። ቅስቱ ወር ሳይሞላው ተተከለ፣ ነጭ ተቀባ፣ የትምህርት ቤቱ ስም በሰማያዊ ተጻፈበት። በሩ ግን የለም። አንዷ ስትገባ ጓደኛዋ ታኦቫላዋን፣ ዩኒፎርሟ ላይ ወገቧን የታጠቀችበትን ምንጣፍ፣ ፈትታ እንደ መጋረጃ ትይዝላታለች። የሚይዝላት ያጣች ልጅ እስከ ቤቷ ታግሣ ትሄዳለች።

እኔ አሥራ አንደኛ ክፍልን ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ከዋና ከተማ ትእዛዝ መጣ፤ ተማሪዎች የወጣቶችን ችግር አጥንተው ለወላጆች ያቅርቡ የሚል። ርዕሰ መምህራችን ሰሚሲ መልሱን ከጥናቱ በፊት ያውቁት ነበር።

"ስልክ፣ ስንፍናና የውጭ ዘፈን" አሉኝ። "እነዚህን ሦስቱን አስጽፊያቸው።"

ወንዶቹ ስለ ስልክ ጻፉ። ካሎላይኔና ሦስት ጓደኞቿ ግን "ቲቸር፣ የስም መጥሪያ መዝገቡን ይስጡን" አሉ። ካሎላይኔ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ናት። በእኛ ደንብ በአንድ ተርም ከአሥር ቀን በላይ የቀረ ተማሪ ለፈተና አይቀመጥም። በዚያ ተርም የሰባት ተማሪዎች ስም "ሰነፎች" በሚል ርዕስ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሰባቱም ሴቶች። ካሎላይኔ አሥራ አንድ ቀን ቀርታለችና አራተኛዋ እሷ ነበረች።

አራቱ ልጆች የትምህርት ቤቱን ሃምሳ ስምንት ሴት ተማሪዎች አንድ በአንድ ጠየቁ። አርባ አንዱ በየወሩ ከሁለት እስከ አራት ቀን ይቀራሉ። ምክንያቱ ስልክ አይደለም። የወር አበባ ነው። በር በሌለው፣ ውሃ በማይደርሰው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ምን ያድርጉ? ረቂቁን ሳነብ ደሜ ፈላ። በራሴም ጭምር ነው የተናደድኩት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በር ባለው የመምህራን መጸዳጃ እየተጠቀምኩ እነዚያን ልጆች "ቀሪ" እያልኩ በገዛ እጄ የመዘገብኩት እኔ ነኝ።

ሰሚሲ ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው መለሱልኝ።

"ይሄ አይነበብም።"

"ለምን?"

"ወንድሞቻቸው ባሉበት? ነውር አታውቂም እንዴ አንቺ?"

በእኛ ዘንድ የአጎትም የአክስትም ልጅ ወንድምና እህት ነው፤ ኤዋ ላይ ደግሞ እኔን ከቫቫኡ ደሴት የመጣሁትን ካልቆጠራችሁ ያልተዛመደ ሰው ማግኘት ዘበት ነው። ወንድምና እህት ባሉበት ገላ ነክ ወሬ አይነሳም። እውነት ነው። ፊልም ላይ ሰዎች ሲሳሳሙ እንኳ ወንዱ ልጅ ብድግ ብሎ ይወጣል። ልብ በሉ፤ የሚወጣው እሱ ነው። እህት ከወንድሟ በላይ ናት፤ ዝም በይ አትባልም። ሰሚሲ ይህን ከእኔ አሳምረው ያውቃሉ። እያወቁ መገልበጣቸው ነው አንጀቴን ያሳረረው።

"እሺ፣ ሴቶች ብቻ ባሉበት ይነበብ" አልኳቸው።

"ወላጅ ጠርተን ስለ መጸዳጃ እናውራ? ወንዶቹ ያቅርቡ፣ ሴቶቹ ይዘምራሉ።"

"የሰባቱ ልጆች ፈተናስ?"

"ደንብ ደንብ ነው።"

ከቢሯቸው ወጥቼ በቀጥታ ፎላው ዘንድ ሄድኩ። ፎላው የወንዶቹን ጥናት የሚያቀርብ ልጅ ነው፤ የካሎላይኔ አጎት ልጅ፣ ማለትም ወንድሟ። "እህትህ እናንተ ባላችሁበት የማታነበው ወረቀት አላት" አልኩት። ምን እንደሆነ አልጠየቀም። አይጠየቅም።

ዓርብ ረፋዱ ላይ አዳራሹ በወላጅ ጢም አለ። ሰሚሲ ስለ ዘመኑ ወጣት ስንፍና ረዘም ያለ ንግግር አደረጉና ፎላውን ጠሩ። ፎላው መድረክ ላይ ወጥቶ ወረቀቱን እንኳ አልዘረጋም።

"ስልክ መጥፎ ነው። በጣም መጥፎ ነው" አለ። ሰው ሳቀ። "አሁን እህቴ የምታነበው አላት። ወንድሞች ይውጡ።" ብሎ ቀድሞ ወጣ።

ወንዶቹ ተማሪዎች አንድ ሳይቀሩ ተከተሉት። አባቶቹ ተያዩ።

"ምንድን ነው ነገሩ?" አለ አንዱ።

"እኔ እንጃ፤ ውጡ ተብሏል፣ ተነሳ" አለው ጎረቤቱ።

"ቁጭ በሉ! ማን አዘዛችሁ?" ሰሚሲ ጮኹ። የሰማቸው የለም። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ወንድ እሳቸው ብቻ ሆኑ። "እኔ ርዕሰ መምህር ነኝ" ብለው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ።

ያኔ ላቪኒያ ተነሳች። ልጇ ከሰባቱ አንዷ ናት፤ እሷ ራሷ ደግሞ የሰሚሲ አጎት ልጅ።

"ሰሚሲ፣ እኔ ምንህ ነኝ?"

"እህቴ ነሽ እንጂ፣ ላቪኒያ፣ ምን ጥያቄ ነው..."

"ልጄ ሰነፍ የተባለችበትን ምክንያት ልሰማ ነው። የሴት ነገር ነው አሉ። አጠገቤ ቁጭ ብለህ አብረኸኝ ልትሰማ ነው?"

ሰሚሲ ፊታቸው ደም መሰለ። ተነሥተው ማንንም ሳያዩ ወጡ።

ካሎላይኔ አነበበች። መጀመሪያ በዝግታ ነበር፤ አርባ አንድ የሚለው ቁጥር ላይ ስትደርስ ድምጿ ጠነከረ። ስትጨርስ ላቪኒያ ዞራ ልጇን ከተማሪዎቹ መሃል ፈለገቻት።

"ሆዴን አመመኝ ያልሽኝ ይሄን ነው?"

ልጅቷ በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች።

"እኔ እኮ መታሁሽ" አለች ላቪኒያ። "ዋሾ ብዬ መታሁሽ።"

ከዚያ በኋላ ማንም ሊያቆማት አልቻለም። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወጣች፤ ዝርዝሩን ከሰሌዳው ላይ ቦጨቀች፤ ሴቶቹ ተግተልትለው ተከተሏት፣ እኔም። ሰሚሲ በአዲሱ ቅስት ሥር ከወንዶቹ ጋር ቆመዋል። ወረቀቱን አፍንጫቸው ሥር ያዘችው።

"ለምን እንደቀሩ ንገረኝ።"

"ላቪኒያ..."

"ርዕሰ መምህር አይደለህ? የቀጣህበትን ምክንያት ንገረኝ፣ እዚሁ፣ ሰው እየሰማ።"

እንዴት ብለው ይናገሩ? እህታቸው ፊት ለፊት ቆማለች።

"ፊቴ ልትናገረው ካልቻልክ ልትቀጣበትም አትችልም" አለች።

ወንዶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተዋል። ምኑም አልተነገራቸውም፤ ግን የገባቸው ይመስለኛል። ሰሚሲ መሬት መሬቱን እያዩ "ይፈተኑ" አሉ።

ሰኞ ሰባቱም ተፈተኑ፤ ፈታኟ እኔ ነበርኩ። ስማቸውን ስመዘግብ እስክሪብቶውን ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጫንኩት፤ ከደስታ የመሰለው ካለ ተሳስቷል፣ ከንዴት ነው። ሰባት ልጅ ፈተና ላይ ለማስቀመጥ የመንደሩን ወንድ በሙሉ ከአዳራሽ ማስወጣት ነበረብን። እስከ ዛሬ ያልተገጠመውን አንድ በር ለመግጠም ግን ሁለት ማጠፊያና ግማሽ ቀን ይበቃ ነበር።