የምስክሩ ጢም

ፀጉር አስተካካዩ እስር ቤት ሳለ የክፍል ተጠሪ ሲመረጥ እጁን ያወጣ ነበር፤ እጁም ይቆጠርለት ነበር። ከወጣ ወዲህ ግን አንድም ቀን ተቆጥሮ አያውቅም። ይኼ ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ቀርቷል።

ዘንድሮ ደንብ ወጣ። ፍርዱን የጨረሰ ሰው፣ ለጠባዩ የሚመሰክር የምርጫ ካርድ ያለው አንድ መራጭ በአካል ይዞ ከቀረበ፣ የመምረጥ መብቱ ይመለስለታል ተባለ።

ችግሩ መራጭ ማግኘቱ ላይ ነው። ሰፈሩ ምርጫን እርም ካለ ቆይቷል። ብረት በያጁ አማቹ፣ የታሰርከው አንሶህ ነው ደግሞ የምትሰለፈው ብሎ ሳቀበት። ካርድ ያላቸው ጋሽ ጢሞ ብቻ ሆነው ተገኙ። ጡረተኛ ሾፌር ናቸው፤ ስሙ የወጣላቸው ደረታቸው ድረስ በሚወርደው ጢማቸው ነው። ካርዱንም ያወጡት መመዝገቢያው ቦታ ጥላ ስለነበረው ነው። ብዙ ከተለመኑ በኋላ፣ እሺ ልጄ፣ ድምፅ አግኝተህ የምትሆነውን ልየው አሉ።

ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ጠዋት አስተካካዩ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። ቢሮ ተጎሳቁሎ መግባት ደስ አይልም፤ የጢምዎን ጫፍ ብቻ ላስተካክልልዎ አለ። እየቆረጠ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነበር። ግራው አጠረ፤ ቀኙን ሲያስተካክል ደግሞ ግራው በለጠ። እንዲህ እያለ ጢሙ ወለል ላይ አለቀ።

ጋሽ ጢሞ መስታወቱን አዩና፣ ይኼ ሰውዬ አባቴን ይመስላል አሉ።

ምዝገባ ጣቢያው ሲደርሱ መዝጋቢዋ ካርዱ ላይ ያለውን ፎቶ አየች፣ ሽማግሌውን አየች።

«አባቴ፣ ይኼ እርስዎ አይደሉም።»

«እኔ ነኝ። እሱ ላጭቶኝ ነው።»

«አመልካቹ የምስክሩን መልክ ቀይሯል» ብላ በትሕትና ጻፈች። ነገ አዲስ ፎቶ ይዛችሁ ኑ ልትል አፏን ከፈተች፤ ነገ እንደሌለ ትዝ ሲላት ዘጋችው።

የምርጫው ዕለት አስተካካዩ ሰልፉን በመስኮት ሲያይ ጋሽ ጢሞ ገቡ። እሳቸውንም በፎቶው ምክንያት ከምርጫ ጣቢያው መልሰዋቸዋል።

«አንድ ድምፅ ልጨምር ብዬ አንድ ቀነስኩ» አለ አስተካካዩ።

«ተወው፣ እኔም ለጥላው ብዬ ነው የሄድኩት» አሉና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አገጫቸው ላይ ነጭ የጢም ጉቶ በቅሏል።

አስተካካዩ መቀሱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«አልነካውም። ለሚቀጥለው ምርጫ ይደርሳል።»

ሽማግሌው በመስታወቱ ውስጥ አዩት።

«ጢሙስ ይደርሳል» አሉ። «ባለቤቱን እንጃ።»