ተዘቅዝቀው የታሰሩ አሞርዛተሮች

የአዲሶቹን አሞርዛተሮች ካርቶን ከጉልበቱ ሥር ሊያነጥፈው ሲቀደው ከውስጡ አንዲት ታጣፊ ወረቀት ዱብ አለች። ሊቁ ጨምድዶ ሊጥላት ነበር፤ ስዕሏ ግን ዓይኑ ውስጥ ገባች። የሞተር ብስክሌት የኋላ አሞርዛተር፣ ያ የመንገዱን ንጥቂያ የሚያበርደው ባለ ሞላ ቱቦ፣ ተስሏል፤ ከጎኑ ወደ ላይ የሚያመለክት ወፍራም ቀስት አለ። ሞላው የሚጠብቅበት ቀለበት ከላይ ነው። ከሥሩ ደግሞ ያው አሞርዛተር ቀለበቱ ከታች ሆኖ ተስሎ፣ በትልቅ ኤክስ ተሰርዟል።

ክው አለ። ዛሬ ጠዋት በሰፈሩ መምህር ሞተር ላይ ያሰራቸው ሁለቱም አሞርዛተሮች ቀለበታቸው ከታች ነው።

መካኒኩን ሰፈርተኛው "ሊቁ" የሚለው ግማሹን ለአክብሮት፣ ግማሹን ለሽሙጥ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። በእጁ ያለፉት የኋላ አሞርዛተሮች ሁሉ ቀለበታቸው ከታች ነበር፤ ስለዚህ ጠዋትም እጁ የለመደውን ሠራ። ወረቀት የሚያነብ ጀማሪ ነው ይል የለ? የእነዚህ አዳዲሶቹ ጉድ ደግሞ የላይና የታች ቀዳዳቸው እኩል መሆኑ ነው። ቢዘቀዝቋቸውም ብሎኑ እምቢ አይልም። እምቢ ቢል ምን ነበረበት።

መዘዙን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አሞርዛተሩ ውስጥ ዘይትም አየርም አለ። ሲዘቀዘቅ አየሩ የዘይቱን ቦታ ይይዝና ሞላው ያለ ከልካይ ይዘላል። ባዶውን አስፋልት ላይ ሲነዱት ምንም አይታወቅም። ሰው ጭነው ኮረኮንች ቁልቁለት ሲወርዱ ግን የኋላው ጎማ መሬቱን ይለቃል፤ መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢይዙት ምን ዋጋ አለው?

መምህሩም አስጠንቅቀውታል። "ከምሳ በኋላ ልጄን ጭኜ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ፤ የምትከርመው አያቷ ዘንድ ነው። አደራህን" ብለውት ነበር።

እሱስ ምን አለ? "መምህር፣ እንቅልፍ ይወስዳታል እላዩ ላይ።"

"ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ" አለች ሚስቱ። መለዋወጫ የምትሸጥባት ሱቅ ከጋራዡ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች ናት፤ በመስኮቷ በኩል የማታየው ነገር የለም።

"የመምህሩ ስልክ አለሽ?"

"እኔ ዕቃ ሸጥኩላቸው እንጂ ስልካቸውን ከየት አመጣዋለሁ? ምነው፣ ብሎን ረሳህ?"

"ብሎን በሆነልኝ።" ወረቀቷን በመስኮቱ አቀበላት።

አገላብጣ አየችው። አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለው ነበር።

"ወንድሜ ጋ አይጠፋም" አለች። "ልጆቹን የሚያስተምሩለት እሳቸው ናቸው። ሂድና ጠይቀው።"

"እሱን አልጠይቅም።"

"ለምን?"

"ለምን እንደሆነ አንቺ አታጪውም።"

አታጣውም። ወንድሟ ከመንገዱ ማዶ የራሱ ጋራዥ አለው። ረጋ ያለ ሰው ነው፤ "ቀስ በሉ" ማለት ስለሚያበዛ ስሙም "ቀስበሉ" ሆኖ ቀርቷል። የዛሬ ሦስት ሳምንት የአንድ ሞተረኛ ጎማ አዙሮ ገጥሞ ነበር፤ ጎማው ላይ ያለው ቀስት ወደ ኋላ ይጠቁማል። ሊቁ ያን ሲያይ መች አስቻለው? ሞተረኞቹን መሀል መንገድ ላይ ሰብስቦ "ይሄ ጎማ የተሠራው ወደ ኋላ ለሚሄድ ሰው ነው" ብሎ አሳቃቸው። ቀስበሉ ማዶ ቆሞ ሰማ፤ ጎማውን ፈትቶ ገለበጠው። ከዚያ ወዲህ ወደዚህ ማዶ አልተሻገረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ሊቁ ተረቱን የሚያውቀው ለሌላ ሰው ለመተረት ነበር።

ካርቡራተር አንስቶ መጥረግ ጀመረ፤ መልሶ አስቀመጠው። በር ላይ ወጣ፣ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። መሀል መንገዱ ላይ ሲሚንቶ የሚያራግፍ የጭነት መኪና ቆሞ ማዶውን ጋርዶታል። ሰዓቱን አየ፤ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ነው። አሁን ምሳቸውን ጨርሰዋል። አሁን የልጅቷን ቦርሳ እያሰሩ ነው። መሬቱ እሳት የሆነበት ይመስል አንድ ቦታ መቆም አቃተው።

"ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?" አለች ሚስቱ ከመስኮቷ።

"ስምንት።"

ወረቀቷን መልሳ በመስኮቱ ዘረጋችለት። ተቀበላትና በጭነት መኪናው ዞሮ ተሻገረ።

የመምህሩ ሞተር እዚያው ቀስበሉ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ቆማለች። ቀስበሉ ከኋላ ጎማዋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ መቀመጫውን በመዳፉ ይጫናል፤ ሞተሯም ወረድ ብላ እንጣጥ ትላለች። መምህሩ ሄልሜታቸውን በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። ልጅቷ ቦርሳዋን ታቅፋ አግዳሚው ላይ፣ ከሦስት ሞተረኞች ጎን ተቀምጣለች። ሦስቱንም ያውቃቸዋል፤ ያን ዕለት ከሁሉ በላይ የሳቁት እነሱ ነበሩ።

"ጋሼ፣ ደህና ዋልክ?" አለ ቀስበሉ፣ ትናንት ማታ እንደተለያዩ ሁሉ።

"አንተ ጋ ልመጣ ስል መኪናው መንገዱን ዘጋብኝ" አሉት መምህሩ። "ብቻዬን ስነዳት ምንም አልነበረባትም። ልጄን ስጭን ጊዜ ግን እንደ ፍየል ዘለለች። ምን ሆና ነው?"

ሊቁ አፉን ሳይከፍት ቀስበሉ ቀደመው። "አዲስ ሞላ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ መምህር። እስኪላመድ ነው። ፈታ አድርጌ ላስተካክለው፣ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።"

አስራ አራት ቁጥር የብሎን ቁልፉን ቀድሞውንም ይዟል። አይቶታል ማለት ነው። አይቶ ሸፈነለት፤ ያውም ለእሱ። ሊቁ "አዎ፣ እስኪላመድ ነው" ማለት ብቻ ነበር የቀረው፤ ጉዳዩ አልቆ ነበር። መምህሩም አምነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያስጨነቀው ማመናቸው ነው። ሌላ ቀን ስትዘልባቸው "እስኪላመድ ነው" ብለው ልጃቸውን እንደጫኑ ሊወርዱ ነው።

"አይደለም፣ መምህር" አለ። "የሚላመድ ነገር የለውም። እኔ ነኝ ዘቅዝቄ ያሰርኩት።" ወረቀቷን ሰጣቸው። "ይህችን ሳላነብ። ሌላ ጊዜ እንዲህ ከዘለለች እንዳይነዷት፤ ያቁሟት።"

አግዳሚው ላይ አንዱ ፉት ያለው ሻይ ትን አለው። "ሊቁም ይሳሳታል እንዴ?"

"ሳቅ፣ ተራህ ነው" አለ ሊቁ። ጆሮው ድረስ ግሏል። "እኔም በዚህ ሰውዬ ስስቅ ነበር።"

መምህሩ ከወረቀቷ ቀና አሉ። "ልጄን ነው የምጭነው ብዬህ ነበር።"

"ብለውኛል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ምን እላለሁ፣ መምህር። አጥፍቻለሁ።"

አማቾቹ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ቁጭ ብለው ፈቱ።

"ለምን ሸፈንክልኝ?" አለ ሊቁ በለሆሳስ።

"እህቴ ማታ ከአንተ ጋር ነው ራት የምትበላው። ስታኮርፍ አውቅሃለሁ።" ቀስበሉ የብሎኑን ሮንዴላ በጨርቅ ጠረገ። "ደግሞ ያ ጎማ እውነትም ወደ ኋላ ነበር።"

ቀለበቶቹን ወደ ላይ አድርገው መልሰው አሰሩ። ሊቁ መቀመጫውን ሲጫነው ሞተሯ ወረደች፤ ቀስ ብላ ተነሥታም ቆመች። ሁለተኛ ተጫናት፤ እንደዚያው። መምህሩ ሄልሜታቸውን አጠለቁ። "ነይ" አሏት፤ ልጅቷም መጣች። ሊያነሷት እጃቸውን ከብብቷ ሥር ከተቱና እዚያው ላይ ቆሙ። መቀመጫውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። አላነሷትም።

ሊቁ አየ። የሚናገረው ቃል ፈለገ፤ ጠዋት የተናገረው ትዝ ሲለው ተወው። እጁን ጠረገና ካፖርቱን አውልቆ ለቀስበሉ ሰጠው።

"መምህር፣ ልጅቷ እዚህ ትቆይ። ቁልቁለቱን መጀመሪያ እኔን ጭነው ይውረዱ፤ ከዚያ እንመለሳለን።"

"አንተን? አንተ እኮ የእሷን ሦስት እጥፍ ትሆናለህ።"

"ይሁን፤ ይበልጥ ይፈትናታል።"

እግሩን እያነሳሳ እንደምንም ተፈናጠጠ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከኋላ ተጭኖ አያውቅም ነበርና፣ የሚይዘው ፈልጎ ሲያጣ የመምህሩን ጃኬት በሁለት እጁ ጨመደደ።