በይሉኝታ የታሰረ ጨርቅ

ያላየውን አየሁ ብሎ የሚመሰክር ሰው፣ ምስክርነቱ ከጥላቻም ይምጣ ከፍቅር፣ ፍሬው አንድ ነው፤ ሐሰት በፍቅር ስለ ተነገረ እውነት አይሆንም። እንዲያውም በፍቅር የተነገረው ይብሳል፤ ከጠላት አፍ የወጣውን ሰው ሁሉ ይጠረጥረዋል፣ ከወዳጅ አፍ የወጣውን ግን ማንም አይመረምረውም። ቀጥሎ የሚነገረው የሁለት ወንድማማቾች ነገር ይህንን ያስረዳል።

ታናሽየው በሐይቁ ዳር ነዋሪዎች የመዝናኛ ማኅበር ውስጥ ዋና የሚያስተምር አሠልጣኝ ነበር። ማኅበሩ ባለጠጋ አልነበረም። ያለው ንብረት ወደ ውኃው የሚገባ የሳንቃ መተላለፊያ፣ አንዷ ለነፍስ አድን የተመደበች ስድስት የመቅዘፊያ ጀልባዎች፣ ለልጆች ብቻ የሚበቁ ዐሥራ አንድ ተንሳፋፊ ሰደርያዎች፣ አንድ ድምፅ ማጉያና አንድ የቆርቆሮ መጠለያ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሽንኩርት ሲኮተኩት፣ እህል ሲያስፈጭ ወይም ጠመኔ ሲያቦን የከረመ ሁሉ በእረፍት ቀን ወደዚያ ይወርዳል። ገሚሱ ከመጠለያው ጥላ ሥር በቆርኪ ዳማ ይጫወታል፤ ገሚሱ መንጠቆ ጥሎ ዝም ይላል፤ የተቀረው ይዋኛል፣ ይቀዝፋል።

ጀልባ ይዞ መውጣት የሚፈቀደው ሰማያዊ ጨርቅ ለታሰረለት ሰው ብቻ ነበር። ጨርቁን የሚፈልግ ከመተላለፊያው ጫፍ ተነሥቶ፣ መቶ ክንድ ርቆ እስከ ቆመው ቢጫ በርሜል ድረስ ይዋኝና በጎን የተዘረጋውን ገመድ ሳይነካ ይመለሳል፤ አሠልጣኙ በዐይኑ አይቶ በመዝገብ ይፈርማል፤ ጨርቁንም በግራ እጁ አንጓ ላይ ያስርለታል። ባለ ጨርቁ ጨርቅ የሌለውን አንድ ሰው አሳፍሮ መቅዘፍ ይችላል። ጀልባ የተገለበጠ እንደ ሆነ ግን የነፍስ አድን ቀዛፊዎች የሚከተሉት ደንብ በመጠለያው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ «መጀመሪያ ጨርቅ የሌለውን» ይላል። ይህን ደንብ ያወጣው ራሱ አሠልጣኙ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ጌጥ አልነበረም። በጭንቅ ሰዓት «እኔን ተዉኝ፣ ሌላውን አድኑ» የሚል ቃል ነበር።

ታላቅየው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ታናሽየው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ በአንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው እርሳቸውና ሚስታቸው አሳደጉት፣ አስተማሩት፣ ለወግ ለማዕረግ አበቁት። እርሱም «ጋሼ» ብሎ ከመጥራት በቀር ስማቸውን ጠርቶ አያውቅም። የማኅበሩን ሰማያዊ ጨርቆች ቀድደውና ጠርዛቸውን ቀምቅመው የሚሰፉት እርሳቸው ናቸው። እርሳቸው ግን ውኃ ይፈሩ ነበር። በእረፍት ቀን ከመጠለያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጀልባዎቹን በዐይናቸው ይሸኛሉ።

የእድሜ እኩያቸው የሆነው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ራሱ ጨርቅ ባይኖረውም፣ በዚህ አይተዋቸውም ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ለአገሩ ሁሉ ክንፍ እየሰፋህ አንተው እንደ ዶሮ መሬት ትጭራለህ?»

«ዶሮ ቢያንስ የሰው ዱቄት አታጎድልም» ይሉታል ልብስ ሰፊው፤ ዳማ ተጫዋቾቹም ይሥቃሉ። እርሳቸውም ይሥቃሉ፤ አሠልጣኙ ግን ሣቁ ከጥርሳቸው እንዳላለፈ ያውቅ ነበር።

በኀምሳ ስምንተኛ ዓመታቸው ዋና ልማር አሉ። ሁለት ወር ሙሉ፣ ሰው ሳይመጣ በማለዳ፣ ታናሽ ወንድማቸው እያስተማራቸው ለፉ። እግራቸው መሬት እስከሚነካበት ድረስ ደኅና ይዋኛሉ፤ መሬቱ ሲሸሽ ግን ልባቸው አብሮ ይሸሻል። በፈተናው ማለዳም እንዲሁ ሆነ። እስከ መንገዱ እኩሌታ ደረሱ፣ ከዚያ ገመዱን ጨበጡ፤ ገመዱን እየጎተቱም ተመለሱ። ከመተላለፊያው ደረጃ ላይ ተቀመጡ፤ ከሽበታቸው ውኃ ይንጠባጠብ ነበር።

«መቶ አርባ ሁለት ጨርቅ ሰፍቻለሁ» አሉ ሐይቁን እያዩ። «አንዱም ለእጄ አልሆነም። ይሁን፣ ተወው። ሰው ብቻ አይስማ።»

ከዚህ ሌላ አንዳች አልለመኑትም። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ የሚለየው እዚህ ላይ ነውና። አሠልጣኙ ግን ያሳደጉትን ሰው «ወድቀዋል» ማለት በአፉ አልመጣልህ አለው። ከኪሱ ሰማያዊውን ጨርቅ አውጥቶ በአንጓቸው ላይ አሰረ።

«አልደረስኩም እኮ» አሉ እጃቸውን እያዩ።

«ግማሹን ሄዱ፣ ግማሹን ተመለሱ፤ ሲደመር ሙሉ ነው፣ ጋሼ።»

ልብስ ሰፊው ጨርቁን በጣታቸው ዳሰሱ። «የውኃውን ነገር የምታውቀው አንተ ነህ። አንተ ካልክማ እሺ» አሉ፤ ፊታቸውም በራ። እርሱም መዝገቡን ገልጦ በስማቸው አንጻር «በርሜሉ ደርሶ ተመልሷል፤ በዐይኔ አይቻለሁ» ብሎ ጻፈ።

በልቡ ግን ቀስ ብዬ አለማምዳቸዋለሁ፣ ከዳር እንዳይርቁም እነግራቸዋለሁ ይል ነበር። አልነገራቸውም። «ከዳር አይራቁ» ማለት «ጨርቁ ሐሰት ነው» ማለት ሆነበት። ሁለት ጊዜ ሊናገር ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ስለ አየሩ አውርቶ ተመለሰ። አንዱ ይሉኝታ ሌላውን ይወልዳል፤ ሰው የመጀመሪያውን ካልቀጨ የልጅ ልጆቹን ሲያሳድግ ይኖራል። ልብስ ሰፊውም በየእረፍት ቀኑ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት አሳፍረው ይቀዝፉ ጀመር። ወገባቸው እንደ ተቃና፣ በሥራ ቀን እንኳ ማንጎራጎር እንዳመጡ ሚስታቸው ለጎረቤት ስትናገር አሠልጣኙ ሰምቶ ነበር፤ ይህም አፉን ይበልጥ ዘጋው።

በሦስተኛው ወር በአንዱ የእረፍት ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ነፋሱ በድንገት አቅጣጫውን ለወጠ። የሁለቱ ሽማግሌዎች ጀልባ ከዳር ሦስት መቶ ክንድ ያህል ርቃ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የተያዘበትን መንጠቆ ሊያላቅቅ ተነሥቶ ሲቆም ማዕበሉ በጎን መታት፤ ጀልባዋም ተገለበጠች። የዕለቱ ነፍስ አድን ቀዛፊዎች የነበሩት አናጢውና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወዲያው በነፍስ አድኑ ጀልባ ተነሡ። አሠልጣኙ በደንቡ መሠረት ድምፅ ማጉያውን ይዞ ከመተላለፊያው ጫፍ ቆመ፤ ቀዛፊዎቹ ወደ ማን እንዲሄዱ የሚያዝዘው እርሱ ነው። ከኋላው ሰማንያ የሚያህል ሰው ተሰብስቧል፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የሆነችው አዋላጅ አጠገቡ ቆማለች።

በውኃው ላይ ሁለት ራስ ይታያል። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የተገለበጠችውን ጀልባ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ በሚችለው ድምፅ ሁሉ ይጮኻል። ልብስ ሰፊውን ነፋሱ ሃያ ክንድ ያህል ለይቷቸዋል፤ እርሳቸው ድምፅ የላቸውም። የሚሰምጥ ሰው እንደማይጮኽ አሠልጣኙ ለብዙዎች አስተምሯል።

«ጋሽ ሰፊው ጨርቅ አላቸው!» አለ አናጢው ከጀልባው። «ወደ ባለ ወፍጮው እንሂድ?»

አሠልጣኙ ማጉያውን ወደ አፉ አቀረበ። «ወደ ጋሼ» ቢል፣ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ከሰማንያ አፍ ይመጣል። በዚያች ቅጽበት ሒሳብ ሠራ፤ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ለማውጣት ጥቂት ትንፋሽ ይበቃል፣ ጋሼ ግማሽ መንገድ ዋኝተው ያውቃሉ፣ እስከዚያ ይቆያሉ፤ ማንም ሳያውቅ ሁለቱም ይተርፋሉ። ዝም አለ። ቀዛፊዎቹ ዝምታውን እንደ «አዎ» ቆጥረው ደንቡን ተከተሉ።

ወንድሙን ያይ ነበር። አገጫቸው ከውኃው በላይ ነበረ፤ ከዚያ አፍንጫቸው ብቻ፤ ከዚያ ግራ እጃቸው ወጣችና ተመልሳ ገባች።

«ወደ ጋሼ! መዋኘት አይችሉም! ጋሼ መዋኘት አይችሉም!»

ሰማንያው ሰው ሰማ። ቀዛፊዎቹም ሰሙ፤ ነገር ግን ያን ከባድ ሰው እስከ ወገቡ በጀልባው ከንፈር ላይ ስበውት ስለ ነበር ሊለቁት አልቻሉም። አሠልጣኙ ማጉያውን ጥሎ ዘለለ። ሦስት ጊዜ ጠልቆ በሦስተኛው አገኛቸው። አዋላጇ በመተላለፊያው ሳንቃ ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ደረታቸውን ስትጫን ቆየች፤ ከዚያ ቀና ብላ በመሐረቧ ፊታቸውን ሸፈነች።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ለቀረበው ሁሉ አንድ ነገር ይደጋግም ነበር። «እኔ ጀልባውን ይዤ ነበር። መቆየት እችል ነበር። ጨርቅ አለው ብዬ ነው እንጂ፣ እሱን አውጡት እል ነበር።»

አዋላጇ መዝገቡን አስመጥታ ገለጠች።

«በዐይኔ አይቻለሁ ይላል። አይተሃል?»

«አላየሁም፣ እትዬ።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ቅድም ዝም ስትል ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሽማግሌዎች ጣልቃ ገቡ፤ ያጣው አባቱን ነው፣ ከዚህ የበለጠ ቅጣት ከወዴት ይመጣል፣ ነገሩ በእኛው ዘንድ ይቅር አሉ። እርስዋ መዝገቡን ዘጋች። «ኀዘኑ የራሱ ነው፤ መዝገቡ ግን የሁላችን ነው» አለች፤ ለፖሊስም አስታወቀች።

ማኅበሩ እርሱ የፈረመላቸውን ሁሉ ጨርቅ አስፈትቶ በሌላ አሠልጣኝ ዳግመኛ ፈተነ፤ የወደቀ አንድም ሰው አልተገኘም። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምራ ያበላችው የሟች ሚስት የወንድሙን ሬሳ እንዳይሸከም በሰው ላከችበት፤ እርሱም በቀብሩ ዕለት ከመቃብሩ ስፍራ አጥር ውጭ ቆመ። ማኅበሩ ከሥራው አሰናበተው። ፍርድ ቤቱ ሐሰተኛ ማስረጃ በመስጠትና በቸልተኝነት ሰው ለሞት በማድረስ ጥፋተኛ ብሎት ሦስት ዓመት ከአራት ወር እስራት ፈረደበት፤ ዋና ከማስተማርና ከነፍስ አድን ሥራም ዕድሜ ልኩን አገደው። ይግባኝ አልጠየቀም፤ እስራቱንም አንድ ቀን ሳይቀነስለት ፈጸመ።