ሳይምሉ የመሰከሩት እማማ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከማንም ደብቄ አላውቅም፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያ ነው።

የችሎት ጸሐፊ ነኝ። አንድ ሱቅ በሩ ሳይሰበር ተከፍቶ ዘበኛው በጠራራ ፀሐይ ተገድሎ ተገኘ። ጣት የተቀሰረው የሰፈሩ ቁልፍ ሠሪ ላይ ነው። የመከላከያ ምስክሩ አንዲት ጎረቤቱ ብቻ ነበሩ። እማማ ግድግዳ ይዘው ገቡ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሲንቀጠቀጡ ሳይ አንጀቴ አልቻለም፤ «ይቀመጡ እማማ» አልኳቸው። መሐላ የሚፈጸመው ቆሞ ነው፤ የማስምለውም እኔ ነኝ። ወንበሩን ሳቀርብላቸው መሐላው ከአእምሮዬ ወጣ። ዳኛውም ልብ አላሉም፤ እሳቸው እንደሆኑ ከእጅ ሰዓታቸው በቀር ልብ የሚሉት ነገር የለም።

«ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የእኔን በር ቁልፍ ሲቀይር ነበር» አሉ እማማ። «አጠገቡ ቁጭ ብዬ በወሬ ሳደርቀው ነው የዋልኩት።» ሰው ሳቀ። ቁልፍ ሠሪው በነጻ ተለቀቀ።

ዐቃቤ ሕጉ ግን መዝገቡን ሲያገላብጥ የመሐላው ቦታ ባዶ መሆኑን አየና ይግባኝ አለ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት እኔን ጠራኝ። ቆሜ፣ እጄን አንሥቼ ማልኩ።

«ምስክሯ ምለዋል?» ተባልኩ።

ቁልፍ ሠሪው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አንዲት «አዎ» ትበቃው ነበር።

«አልማሉም» አልኩ።

ጠበቃው፣ በነጻ የተለቀቀ ሰው በዚያው ወንጀል ዳግም አይከሰስም ብሎ ተሟገተ። የመጀመሪያው ችሎት እንዳልነበረ ይቆጠራል ተባለ። ቁልፍ ሠሪው እኮ በዚያ መሀል የራሱን ሱቅ ከፍቷል፣ ልጅ ወልዷል። እሱም እንዳልነበረ ይቆጠር እንደሆነ የነገረን የለም።

ክሱ እንደ አዲስ ሲሰማ እማማ ከሞቱ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። ጠበቃው የድሮ ቃላቸው እንዲነበብለት ለመነ፤ ያለ መሐላ የተሰጠ ቃል አይነበብም ተባለ። አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ፍርዱን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ አንድ ፊደል አልሳትኩም።

ሚስቱ ልጇን ታቅፋ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

«ለእማማ ወንበር የሰጠሻቸው አንቺ ነሽ አይደል?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ደግ ሴት ናት ብሎኝ ነበር» ብላ ወረደች።

በማግስቱ በሌላ መዝገብ አንድ ሽማግሌ ለምስክርነት ገቡ። ከዘራቸው ይንቀጠቀጣል። ወንበሩን አዩና «ልቀመጥ ልጄ?» አሉኝ።

«መጀመሪያ ይቁሙ አባባ» አልኳቸው።