አራተኛዋ ካሜራ

«ባለ ቴስተሩ» የሚለውን ስም ያወጡለት የሙያ ጓደኞቹ ናቸው። ኤሌክትሪክ የሚለካባትን ያቺን ቢጫ መሣሪያ ከኪሱ አይለያትም፤ ሠርግ ቤት እንኳ ይዟት ይገባል እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ቀልዱን ይወደዋል። «ቴስተር አይዋሽም፣ የሚዋሽ ሰው ነው» ሲል ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ያ የተነፋ ደረት የተነፈሰበትን ቀን ነው እንግዲህ የማወራው።

ካሜራ የተከለበት የጨርቅ መጋዘን ሥራ አስኪያጅ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለችለት።

«አራተኛዋ ካሜራ አሁንም ማታ ማታ ትጠፋለች» አለችው።

«የኋላ በሯ? ሳጥኑን ማን ከፈተው?»

«ማንም። ቁልፉ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው።»

ወዲያው ወደ መጋዘኑ ገሰገሰ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከአራት ወር በፊት፣ ያቺው ካሜራ ማታ ማታ መጥፋት በጀመረችበት ሰሞን፣ አንድ ሌሊት በኋላው በር አሥራ አንድ ጥቅል ጨርቅ ተሰርቆ ወጣ። የካሜራዋ መሰኪያ ደግሞ ያለው በፊት በር በኩል፣ ጥበቃ ክፍል ውስጥ፣ ከሽማግሌው ዘበኛ ወንበር አጠገብ ነበር። ዘበኛውን ሁሉም አባ ንቁ ነው የሚሏቸው፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ሲያንቀላፉ ያያቸው ሰው ስላልነበረ። ባለ ቴስተሩ ተጠርቶ በጠራራ ፀሐይ መጣና መሰኪያው አጠገብ ቁጭ ብሎ ለካ። አሥራ ሁለት ቮልት፣ ንቅንቅ የማይል። ምስሉም ጥርት ብሎ ይታያል። «ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ኃይሉ የሚቋረጠው በሰው እጅ ነው» ብሎ ጻፈና ፈረመ። መሰኪያው በብረት ሳጥን እንዲቆለፍበት የመከረውም እሱ ነው። አባ ንቁ በዚያች ወረቀት ከሥራ ተባረሩ። ሲሄዱ ትንፍሽ አላሉም፤ እሱም ዝምታቸውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረው።

ከዚያ ወዲህ የኋላው በር ታሽጎ ስለከረመ ካሜራዋን ዞር ብሎ ያያት አልነበረም። ባለፈው ሳምንት በሩ ሲከፈት ጉዱ ወጣ።

ባለ ቴስተሩ መጀመሪያ ሳጥኑን አስከፍቶ ለካ። አሥራ ሁለት። ከዚያ አዲሷ ጠባቂ መሰላሉን ያዘችለትና ወደ ካሜራዋ ወጣ። የዛሬ አራት ወር ይህን መሰላል አልወጣውም ነበር፤ ለመውጣትም አላሰበም። ቴስተሩን ከካሜራዋ ሥር ሲያስነካው አሥራ አንድ አነበበ። አንዱ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል።

የሽቦውን መስመር በዓይኑ ሲከተል ትዝ አለው። ካሜራዋን የተከለ ቀን ደህናው ገመድ ግማሽ መንገድ ላይ አልቆበት ነበር። ቦርሳው ውስጥ የተረፈ ቀጭን የስልክ ሽቦ ነበረው፤ «ለጊዜው» ብሎ በእሱ ቀጠለው። ያ ጊዜያዊ ሽቦ ይኸው ሦስት ዓመቱ፤ መጋጠሚያውም ከጊዜ ብዛት ዝጓል።

ኮፍያውን አውልቆ የካሜራዋን ዓይን ጋረደው። የመሸ መሰላትና በጨለማ የምታይባቸውን መብራቶቿን አበራች። ቴስተሩ ከአሥራ አንድ ወደ ዘጠኝ ወረደ። ቀጭኑ ሽቦ ይህን ሁሉ ኃይል መሸከም አቅቶታል።

«ጠፋች!» አለች ሥራ አስኪያጇ በስልክ፣ ቢሮዋ ሆና ስክሪኑን እያየች።

ኮፍያውን አነሳው፤ ከጥቂት ቆይታ በኋላ ተመለሰች። ደገመው፤ ጠፋች። ሦስተኛውን የደገመው ግን ለማረጋገጥ አይደለም፤ መውረድ ፈርቶ ነው። ሽቦውን ቀይሮ «ዕቃው አርጅቶ ነው» ቢል ማን ይመረምረዋል? ይህንንም አስቧል፤ አላሰበም ብዬ አልዋሽለትም። ነገር ግን አባ ንቁ በዚያ በር አንገታቸውን ደፍተው ሲወጡ ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት።

ወርዶ ቢሮዋ ገባና አንድ በአንድ ነገራት።

«ታዲያ አባ ንቁ?» አለችው።

«መሰኪያውን አልነኩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እኔም አብሬህ ፈርሜያለሁ» አለችና ወረቀት ሳበች። አባ ንቁ ከጥፋቱ ነጻ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ጽፋ፣ ማኅተም መትታ ሰጠችው። «ነገ እኔም ራሴ ቤታቸው እሄዳለሁ። ዛሬ ግን አንተ ቅደም።»

የአባ ንቁን ቤት በር ልጃቸው ከፈተችለት። ከመጋዘኑ መምጣቱን ሲነግራት ፊቷ ጠቆረ። ሽማግሌው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቁጭ በል ቢሉትም አልተቀመጠም። ስለ ቀጭኑ ሽቦ፣ ስለ ጨለማው፣ ስለ ኮፍያው ቆሞ ተናገረ።

«የእርስዎ እጅ የለበትም፣ አባባ። ይቅር ይበሉኝ።»

ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«አልነካሁትም?» አሉ አባ ንቁ።

«አልነኩትም።»

«እኔ እኮ የነካሁት መስሎኝ ነበር።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አንተ መሣሪያህን ይዘህ፣ ለክተህ፣ ፈርመህ በሰው እጅ ነው ስትል፣ ያወቀ ሰው ነው አልኩ። እርጅናው መጥቶብኝ፣ እያንቀላፋሁ ሳላውቀው እየነቀልኩት ይሆናል አልኩ። ዝም ያልኩትም ለዚያ ነው።»

«ልጄን ከትምህርት ቤት የሚያመጣት እሱ ነበር» አለች ልጃቸው ከበሩ ሥር። «መንገድ ላይ እጇን ብለቅባትስ ብሎ ተወው። እንምከርህ ብንለው ማንን ሰምቶ!»

አባ ንቁ ቴስተሯን አዩዋት፤ ከኪሱ ብቅ ብላለች።

«ይህን ለማወቅ ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«ግማሽ ሰዓት… አይሞላም።»

«ግማሽ ሰዓት» ብለው ደገሙት። ቁጣ አልነበረበትም፤ የባሰውም ይኸው ነው። ባለ ቴስተሩ እንባው መጣ፤ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና አንገቱን ደፋ።

ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ። «ልጅቷ የምትወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው አይደል?» ብለው ልጃቸውን ጠየቋት፤ ከአልጋው ሥር ጫማቸውን ጎትተው አቧራውን አራገፉ። እሷ አፏን በነጠላዋ ይዛ ራሷን ነቀነቀች።

ባለ ቴስተሩ ራቅ ብሎ ከኋላቸው ተከተለ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ አባ ንቁ ቆሙ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ። መንገዱ ባዶ ነው። እግራቸውን አነሱና መልሰው አስቀመጡት። አሁንም አዩ፤ አሁንም አነሱ፤ አሁንም መለሱት። ቀርቦ አጠገባቸው ቆመ።

«መኪና የለም አይደል?» አሉት ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ግራና ቀኙን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ካየ በኋላ ነው የመለሰላቸው።

«የለም፣ አባባ።»

«እኔም እንደዚያው ነው ያየሁት» አሉና ተሻገሩ።