አርባ ሰባተኛው ጭነት

ከመስከረም ወዲህ ወሰንየለሽ ይታየው በሕልሟ የምታየው የጭነት መኪና ብቻ ነበር። መኪኖቹ ድምፅ የላቸውም፤ ሹፌርም የላቸውም። ከቆላው በኩል በደመናው ውስጥ ተራ ይዘው ይወጣሉ። እያንዳንዱ አጠገቧ ሲደርስ ቆም ይልና ሰዓቱን ይጠይቃታል፤ ስትነግረው ያልፋል። ጠዋት ስትነቃ የሚገርማት፣ አንዱም ሳይዘገይ ሁሉም በሰዓቱ መድረሱ ነው።

በእውን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ዓለም አቀፉ የተራራ ሩጫ ሻምፒዮና መንዝ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። ከሠላሳ አንድ አገር የሚመጡት ሯጮች ከሞላሌ ተነሥተው፣ በገደሉ አፋፍ ያለውን የሣር ሜዳ አቋርጠው መሐል ሜዳ ይገባሉ። እንግዳው ብዙ ነው። የሚበላው፣ የሚጠጣው፣ የሚተኛበት ፍራሽ ሳይቀር ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። የሚመጣው ደግሞ በዚያው በሞላሌው መንገድ ነው፤ መንገዱ ደግሞ በሩጫው ሦስት ቀናት ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ለመኪና ዝግ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የትኛው መኪና መቼ እንደሚገባ፣ የት ተራ እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚያራግፍ ማቀድ ነበረበት።

ያ ሰው ወሰንየለሽ ሆነች። መሐል ሜዳ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። ካርታ መሳል ትችላለች ተብሎ የሩጫው አዘጋጆች ከትምህርት ቤቱ ለሁለት ወር ተዋሷት። የተሰጣት ክፍል አንድ ጠረጴዛና አንድ ትልቅ ግድግዳ ነበረው። ግድግዳው ላይ መንገዱን ከነመታጠፊያው ሳለችው፤ ለእያንዳንዱ መኪና አንዳንድ ነጭ ካርድ ቆርጣ በእስፒል ሰካች። በየቀኑ የሚገባው የሆስፒታሉ ኦክስጅን አንደኛ፣ ዱቄት ሁለተኛ፣ ከዚያ ውሃው፣ ድንኳኑ፣ ከራቤል የሚመጣው ድንች እያለ እስከ አርባ ስድስት ይሄዳል። አርባ ሰባተኛው ካርድ ከታች ጥግ ላይ ለብቻው ነበር። «ደወል፣ ቀየት፣ ኅዳር 13» ይላል።

አባቷ አቶ ይታየው በጥቅምት መጨረሻ ከቀየት መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ግድግዳው ፊት ቆሙና ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መንገዱ ነው አባባ። እያንዳንዷ ወረቀት አንድ መኪና ናት።»

«የኛስ ደወል የትኛዋ ናት?»

ጥጉን አሳየቻቸው።

«ሚካኤል እኮ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ነው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

አቶ ይታየው የደብራቸው የሚካኤል ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ሕንፃው ሰባት ዓመት ፈጅቷል። እስከዚያ ድረስ ሰው የሚጠራው በድንጋይ ደወል ነበር፤ ጥዱ ላይ የተንጠለጠለች ጠፍጣፋ ድንጋይ በድንጋይ ይመታሉ፤ ነፋስ ካለ ከወንዙ ማዶ አይሰማም። አሁን አዲስ አበባ የተሠራ ደወል አግኝተዋል፤ ሕዝቡም ለሚካኤል ይደርሳል ተብሎ እየጠበቀ ነው።

«አንድ ቀን ማስቀደም ያቅታል?»

«የሌላ ሰው ደብር ቢሆን አስቀድመው ነበር አባባ። የአባቴ ደብር ስለሆነ አልችልም። አስቸኳይ ያልሆነ ጭነት ከሩጫው በኋላ ይገባል ብዬ ለሁሉም ነግሬያለሁ። የሲሚንቶ ባለቤቱን መልሼዋለሁ፤ የቆርቆሮ ባለቤቱንም መልሼዋለሁ።»

አቶ ይታየው ካርዷን በጣታቸው ነካ አደረጓት። «ልክ ነሽ» አሉ። ምሳ ብትላቸውም እሺ አላሉም፤ የከሰዓቱን አውቶቡስ ይዘው ሄዱ። ወሰንየለሽ በመስኮት ስታያቸው፣ ልክ ነሽ የተባለ ሰው ደስ ሊለው ሲገባ ለምን እንዲህ እንደከፋት ግራ ገባት።

የሩጫው የመጀመሪያ ሁለት ቀናት እንዳሰበችው ሆኑ። ሰባት ሰዓት ሲሞላ መንገዱ ይከፈታል፣ መኪኖቹ በየካርዳቸው ይመጣሉ፣ አራግፈው ይወጣሉ። መንገዱ እንደ ሰው ደረት አየር እየሳበ የሚያስወጣ ይመስላት ነበር። መሐል ሜዳ ላይ ዳቦ አላነሰም። በየመንገዱ የማታውቀው ቋንቋ ይሰማል፤ ባለ ገብሱ ገበሬ አውድማው ላይ መንሹን ተደግፎ የሚሮጡትን ሰዎች እንደ ወፍ መንጋ ያያል።

በሦስተኛው ቀን፣ በሚካኤል ዋዜማ፣ ዋናው ሩጫ በሚካሄድበት ጠዋት፣ ከሞላሌ ስልክ ተደወለላት። መኪኖች ተራ የሚጠብቁት ከሞላሌ አለፍ ብሎ ካለ ሜዳ ላይ ነው። አሥራ አንድ መሆን የነበረባቸው መኪኖች አሥራ ሁለት ሆነዋል አሏት። መንገዱ ሳይዘጋ በአንድ የአስተናጋጆች መኪና ተሳፍራ ደረሰች።

ሜዳው ላይ ጉም ነበር። ከገደሉ ሥር እየተነሣ፣ አፋፉን በቀስታ እየላሰ፣ ወደ ላይ ይወጣል። መኪኖቹን በእጇ እየነካች ቆጠረቻቸው። አሥራ ሁለተኛው አሮጌ ሰማያዊ አይሱዙ ነበር። ሹፌሩ ጋሽ ገሠሠ ገቢናው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሠላሳ ዓመት በዚያ መንገድ ላይ ያረጁ፣ የመንዝን መታጠፊያ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያውቁ ሰው ናቸው። አጠገባቸው የደብሩ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ነበሩ።

«ጋሽ ገሠሠ፣ የእርስዎ ቀን ከነገ ወዲያ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ምናልባት ክፍተት ቢገኝ ብዬ ነው። ከአዲስ አበባ ይዤው ከወጣሁ በኋላ ልመልሰው አልቻልኩም።»

«ክፍተት የለም።»

«እንግዲያው እጠብቃለሁ» አሉ በእርጋታ። መሪጌታው ከገቢናው ወረዱ። የሸራውን ጫፍ ገለጥ አድርገው አሳዩአት። ደወሉ በጭድ ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የታመመ ሰው ይመስላል።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጉሙ ሁሉን ዋጠው። ወሰንየለሽ እጇን ዘርግታ ጣቷን ማየት አቃታት። የመገናኛ ሬዲዮው ድንገት ተናገረ። የሩጫው መንገድ ኃላፊ ነቢዩ ነበር።

«ወሰንየለሽ፣ የት ነሽ?»

«ማቆያው ሜዳ ላይ ነኝ።»

«አሥራ አራት ሯጮች ጠፍተውብናል። ባንዲራዎቹ አይታዩም፤ ከመስመር ወጥተው ወደ አንቺ በኩል ሳይሄዱ አይቀሩም። ሰው ልኬያለሁ፣ ግን ሰዎቼም አያዩም። ገደሉ እዚያው ነው።»

ለሹፌሮቹ ነገረቻቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ክላክስ ነፉ። ድምፁ ከገደሉ ማዶ እየተመለሰ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ጩኸት ሆነ። ቢነፉ ቢነፉ ማንም አልመጣም። ዝም ሲሉ ዝምታው ከጩኸቱ የባሰ ነበር።

ጋሽ ገሠሠ መጀመሪያ ሸራውን፣ ከዚያ መሪጌታውን አዩ። ያሰቡት ለሦስቱም በአንድ ጊዜ ገባቸው።

«አይሆንም» አሉ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ። «ደወሉ አልተባረከም። አፉን የሚፈታው በታቦቱ ፊት ነው። ሕዝቡ ይህን ሰባት ዓመት ጠብቋል።»

ወሰንየለሽ ማዘዝ አልፈለገችም፤ ማዘዝም አትችልም። «የኔታ፣ እርስዎ የሚሉትን እናደርጋለን» አለች።

መሪጌታው ጉሙን አዩ። «ገደሉ ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?»

«መቶ ርምጃ አይሞላም።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ። «አንሡት» አሉ።

ደወሉ ኩንታል አይሞላም፤ ግን ለመያዝ አይመችም። አምስት ሹፌሮች ጭድ ላይ ተንበርክከው አነሡት፤ ጋሽ ገሠሠ በገመድ ሸራው ከሚዘረጋበት ብረት ላይ አስረው አንጠለጠሉት። ከመኪናው ወለል አንድ ክንድ ያህል ከፍ አለ። መሪጌታው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብለው የምላሱን ገመድ ሳቡ።

የመጀመሪያው ድምፅ ወፍራምና ረዥም ነበር። ወሰንየለሽ ከጫማዋ ሥር ሲያልፍ የተሰማት መሰላት። መሪጌታው አልቸኮሉም። አንዴ ይመታሉ፤ ድምፁ ሄዶ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ እንደገና ይመታሉ። ጉሙ ራሱ የሚያዳምጥ ይመስል ነበር።

በመጀመሪያ የመጣችው ቀይ ማልያ የለበሰች ሴት ናት፤ እጇን በጨለማ እንደሚሄድ ሰው ወደ ፊት ዘርግታ ነበር። የመኪናውን ጎማ ስትነካ ቆመች። ከኋላዋ ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ። ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አራት። ሹፌሮቹ ብርድ ልብሳቸውን እያወጡ አለበሷቸው፣ ገቢናቸውን ከፈቱላቸው፣ የያዙትን ቆሎ አካፈሏቸው። ማንም ማንን በቋንቋ አልጠየቀም። ከቅንድባቸው ውሃ የሚንጠባጠብ ሰዎች ከነጭ ባዶ ውስጥ አንድ በአንድ ሲወለዱ ወሰንየለሽ ትቆጥር ነበር። አሥራ ሦስት ላይ ቆመ።

«አንድ ቀረ» አለች በሬዲዮው።

የመሪጌታው ክንድ ዛለ። ጋሽ ገሠሠ ተቀበሏቸው፤ ከዚያ የድንቹ ሹፌር፤ ከዚያ ወሰንየለሽ ራሷ ወጥታ ሳበች። ገመዱ እጇን ላጠው። ስንት ጊዜ እንደመታች አታውቅም። ስትስብ አባቷ በመስኮት ሲሄዱ ይታዩአታል፤ ድምፁ ሲሄድ እሳቸውም ይሄዳሉ፤ እንደገና ስትስብ ይመለሳሉ።

አሥራ አራተኛው እየሮጠ አልነበረም። አንድ ረዥም ወጣት በእርጋታ እየተራመደ መጣና መኪናው ሥር ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ በእንግሊዝኛ ተናገራት። ክላክሱን ሰምቷል። መኪና መጣ ብሎ ከድምፁ ሸሸ፤ ሲሸሽ ድንጋይ ከእግሩ ሥር ተንሸራቶ ወደቀ፤ መሬት ሲመታ ግን አልሰማም። እዚያው ተቀመጠ። ከዚያ ደወሉን ሰማ።

«እኛም መንደር ደወል አለ» አላት። «ደወል ባለበት ሰው አለ ብዬ መጣሁ።»

ጉሙ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣ፤ ሜዳው ታጥቦ እንደተሰጣ ልብስ ሆነ። ገደሉ ከመጨረሻው መኪና ጀርባ ነበር። 

ሯጮቹን አምቡላንሶች ወሰዷቸው። መንገዱ ሰባት ሰዓት ላይ ሲከፈት ወሰንየለሽ የመግቢያ ዝርዝሯን ይዛ መኪኖቹ ፊት ቆመች። የድንቹ ሹፌር ከገቢናው አንገቱን አወጣ።

«እቴ፣ ድንቹ አይበላሽም። ደወሉ ይቅደም።» ሌሎቹም ተስማሙ።

አሰበች። «ኦክስጅኑ ይቀድማል» አለች። «ደወሉ ሁለተኛ ነው።» ከዚያ በዝርዝሩ ላይ አርባ ሰባትን ሰርዛ በእጇ ከፍ አድርጋ ጻፈችው። በሁለት ወር ውስጥ የሰረዘችው ቁጥር እሱ ብቻ ነው። ነቢዩን ፈቃድ ጠይቃ ከጋሽ ገሠሠ ጋር ገቢና ገባች።

ቀየት ሲደርሱ ሕዝቡ ደብሩ በር ላይ ነበር። መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ማንም ሳይጠይቃቸው የሆነውን ሁሉ ራሳቸው ተናገሩ፤ ጥፋት ካለም የእኔ ነው አሉ። ጉምጉምታ ተነሣ። እማሆይ ዓለሚቱ የሚባሉ አሮጊት መነኩሲት ወደ መኪናው ተጠጉ።

«ለባዕድ ነው አፉን የፈታው?»

«ለመንገደኛ ነው እማሆይ» አሉ መሪጌታው።

እማሆይ አሰቡበት። «ሁሉም ተረፉ?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው አውርዱት» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ዞር አሉ።

አቶ ይታየው ከሕዝቡ መሐል ወጡ። ደወሉ ሲወርድ ከሌሎቹ ጋር ትከሻቸውን ሰጡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው መጥተው እጇን ገልብጠው መዳፏን አዩ፤ ገመዱ የላጠውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ነኩት።

«ቅቤ ይቀባ» አሉ።

«እሺ አባባ።»

«ዛሬ ታድሪያለሽ?»

«አልችልም። ነገ እንግዶቹ ሲወጡ የሚመለስ ዕቃ አለ፤ ገና አላቀድኩትም።»

«እሺ። መኪናው እስኪመለስ እንቀመጥ።»

የደብሩ የድንጋይ ካብ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፀሐይዋ ሞቃ ነበረች። ከበታቻቸው፣ ከአፋፉ ወዲያ፣ ጉሙ ወደ ቆላው ተመልሶ እንደ ሐይቅ ተኝቷል፤ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ደሴት ሆኖ ይታያል። አቶ ይታየው ሯጮቹ ከየት ከየት አገር እንደነበሩ ጠየቋት። የምታስታውሰውን ነገረቻቸው። የማያውቁት አገር ስም ሲመጣ በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ እሷም በጣቷ ወደ ጉሙ ሐይቅ እያመለከተች፣ በዚያ በኩል፣ በዚህ በኩል፣ ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ያዩት ይመስል አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።