የጋድ ቁጥር

በዚያ የናይል ዳር ስኳር ፋብሪካ በያጅ ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው። ቱቦ በይዶ ሲጨርስ ቁጥሩን በመዶሻ መትቶ ከብየዳው አጠገብ ያትማል፤ ቱቦው ካፈሰሰ የማን እጅ እንደሆነ ይታወቃል። ሁሉም ኡስታ፣ ጌታው ባለሙያ፣ የሚሉት በያጁ በኺት ግን አልፎ አልፎ የራሱን ትቶ አስራ ዘጠኝን ያትም ነበር። አስራ ዘጠኝ የታናሽ ወንድሙ የጋድ ቁጥር ነው። ጋድ ለእንጀራ ብሎ ሊቢያ ተሻግሮ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል።

ሞኝነት ነው ብትሉ አልሟገታችሁም። ሥራ የፈታ ቁጥር ለአዲስ ሰው ይሰጣል፤ ያ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካውም በጋድ ተስፋ ቆረጠ ማለት ነው። ይህን የበኺት አንጀት አልቻለም። ጋድ ጭንብሉን አጥልቆ እየበየደ ያንጎራጉር ነበር። ያ እንጉርጉሮ ይናፍቀዋል፤ በጣም ይናፍቀዋል። መጋዘን ጠባቂው አጎት ሸሓታም ነገሩን እያወቀ እንዳላወቀ ያልፈው ነበር።

ዘንድሮ በጥገናው ወራት የእንፋሎት ቱቦዎቹ የብየዳቸው ውስጥ እንዲታይ ራጅ ተነሡ። አዲሷ ተቆጣጣሪ፣ ኢንጂነር ናጅላ፣ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው።

«አስራ ዘጠኝ ማነው? ውስጡ እኮ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ቱቦ ላይ ለቀቀው?»

«አይፍረዱበት» አለ ቱቦ ገጣሚው ዲያብ። «ሊቢያ ሆኖ ነው የሚበይደው፤ ትንሽ ይርቃል።»

በዙሪያው የቆሙት ሠራተኞች ሳቁ። በኺት አልሳቀም። ለብየዳ የሚቀልጠው ዘንግ፣ ኤሌክትሮዱ፣ እርጥበት እንደገባበትና ብየዳውን እንደሚበሳሳው እያወቀ፣ ይሁን ብሎ የበየደው እሱ ነው። የጋድ ብየዳ ራጅ ላይ ወድቆ አያውቅም። አሁን ዝም ቢል የወንድሙ ስም ይበላሻል፤ ቢናገር ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሄዳል።

«የኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «ጋድ እንዲህ አይበይድም።»

«እንዲያ ጎበዝ ከሆነ ምነው አይጠሩልንም ታዲያ፣ ኡስታ?» አለች ናጅላ፤ የጋድ ድምፅ መጥፋቱን አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ በኺት የአስራ ዘጠኝን ማተሚያ ይዞ መጋዘን ወረደና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አጎት ሸሓታ አልነካውም።

«ምን አስቸኮለህ አንተ? ለበዓል ይመጣ ይሆናል እኮ።»

«አዲስ ለሚገባው በያጅ ስጠው፣ አጎቴ» አለ በኺት። «ጋድ ከመጣ የኔን ቁጥር እሰጠዋለሁ።»